«ይድናል ወይ?» የጉበት ድካምና የሐኪም ግምት ታሪክ



በዛሬው የታሪክ ክፍላችን ስለ አንድ አጭር ጥያቄ እንነጋገራለን። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ንግግሩ የተምታታበት፣ በመጨረሻም ራሱን የሳተ ሰው ሆስፒታል ሲገባ፣ ቤተሰቡ በር ላይ ቆሞ ሐኪሙን «ይድናል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሐኪሙ የሚሰጠው መልስ ከየት እንደመጣ፣ በዘመናት ውስጥ እንዴት እንደተለወጠና ከሕክምናው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ኢንሻአላህ እናያለን።

አንዳንድ ወንድሞችና እህቶች «አጀልን የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ) ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሐኪም ይህ ሰው አይድንም ለማለት ምን ሥልጣን አለው?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከጉበት ጋር በተያያዘ ደግሞ በተለይ ተገቢ ነው። የሰው ልጅ የወደፊቱን ለማወቅ ሲል ከተመለከታቸው ነገሮች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ጉበት ነውና። በባቢሎን ጠንቋዮች በግ አርደው ጉበቱን ያዩ ነበር። ንጉሡ ይሞታል ወይስ ይድናል፣ ጦርነቱ ይቀናል ወይስ ይከሽፋል የሚለውን በጉበቱ ላይ ካሉት ጭረቶችና እብጠቶች እናነባለን ይሉ ነበር። ለዚህ ትምህርት ይገለገሉበት የነበረ፣ በበግ ጉበት አምሳል ከሸክላ የተሠራና በጽሑፍ የተሞላ ቅርጽ ዛሬም በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ዕድሜው ከ3,600 ዓመት በላይ ነው።

ይህ ጥንቆላ ነው። በሸሪዓችንም ክልክል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የዛሬው ሐኪም ግን የሚያየው የበግ ጉበት አይደለም፤ የሚያየው ከዚህ በፊት በተመሳሳይ ሁኔታ ውስጥ የነበሩ ሰዎችን መዝገብ ነው። «እንዲህ የሆኑ መቶ ሰዎች መጥተው ይህን ያህሉ ሞቱ፣ ይህን ያህሉ ዳኑ» ይላል። ከፊቱ የተኛው ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ አያውቅም፤ አውቃለሁ ካለም ከሙያው ወጥቷል። ስለዚህ የሐኪም ግምት የተቆጠረ ያለፈ ነገር እንጂ የገይብ ዕውቀት አይደለም። የምንተርከው ታሪክም ይህ ቆጠራ እንዴት እንደተጀመረ የሚያሳይ ነው።

የቀደሙት ሐኪሞች ምልክት ያዩ ነበር። በግሪኩ ሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት ጽሑፎች ውስጥ ዓይኑ ቢጫ በሆነ ሰው ላይ ጉበቱ ከጠነከረ መጥፎ ምልክት እንደሆነ ተጽፏል። ይህ አባባል ዛሬም ትክክል ነው፤ የጠነከረ ጉበት ብዙ ጊዜ በጠባሳ የተሞላ ጉበት ነውና። ኢብኑ ሲና (በ1037 እ.ኤ.አ. የሞተው) በ«አል-ቃኑን» ሦስተኛ መጽሐፉ የሰውነትን በሽታዎች ከራስ እስከ እግር ሲዘረዝር ለጉበት ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። ከርሱ በፊት የነበረው አቡበክር አር-ራዚ ግን ለዛሬው ርእሳችን ይበልጥ የሚቀርብ ሥራ ሠርቷል። የአንጎል ሽፋን መቆጣት ምልክት ያለባቸውን ሕመምተኞች ሁለት ቦታ ከፍሎ አንዱን ወገን ደም በማፍሰስ አከመ፤ ሌላውን ወገን ግን ሆን ብሎ ደም ሳያፈስ ተወው፤ ከዚያም ውጤታቸውን አነጻጸረ። ደም ማፍሰስ ይጠቅማል ብሎ የደረሰበት ድምዳሜ ዛሬ ተቀባይነት የለውም። የጥያቄው አጠያየቅ ግን ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ ለንደን ላይ የጉበት ሐኪሞች ተመልሰው የመጡበት መንገድ ነው። ይህን ጥቂት ቆይተን እናነሳዋለን።

በቅድሚያ ጉበት ሲደክም ምን እንደሚሆን ባጭሩ እንናገር። የአዋቂ ሰው ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ንጥረ ነገሮች የሚሠራው፣ ከአንጀት የሚመጣውን መርዝ የሚያጣራው፣ ስኳርን የሚያከማቸው እርሱ ነው። ሥራውን ሲያቆም ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ደም አልረጋ ይላል፣ የደም ስኳር ይወርዳል፣ ያልተጣራው አሞኒያ ወደ አንጎል ይደርስና ሰውየው ይደናገራል፣ ከዚያም ይተኛል። ድካሙ ድንገተኛ ሲሆን አንጎል ያብጣል፤ ለብዙ ዓመታት እነዚህን ሕመምተኞች ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው ይህ እብጠት ነበር። ድካሙ ሁለት ዓይነት መሆኑንም ልብ እንበል። አንዱ ጤነኛ የነበረ ጉበት በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሲወድቅ ነው። ሌላው ለዓመታት ሲቆስልና ጠባሳ ሲያወጣ የቆየ፣ ሐኪሞች ሲሮሲስ የሚሉት ጉበት መጨረሻው ላይ ሲደርስ ነው። ግምቱም ሕክምናውም ለሁለቱ ይለያያል።

ለድንገተኛው ድካም የመጀመሪያው ወጥ መግለጫ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ትሬይ እና ዴቪድሰን የተባሉ ሐኪሞች፣ ከዚያ በፊት የጉበት በሽታ ያልነበረበት ሰው ሕመሙ ከጀመረው በ8 ሳምንት ውስጥ ራሱን እስከመሳት የሚያደርስ መደናገር ሲደርስበት ስሙ ይህ ይሁን አሉ። ስም ማውጣት ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ቆጠራ ያለ ስም አይሆንም፤ አንዱ ከተማ ቆጥሮ የሚለውን ሌላው ከተማ እንዲረዳው ሁለቱ አንድ ዓይነት ሕመምተኛ መቁጠር አለባቸው።

በዚያ ዘመን በድንገተኛ የጉበት ድካም ራሱን የሳተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሞት ነበር። ሐኪሞች ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1958 የሕመምተኛውን ደም በሌላ ሰው ደም መለወጥ ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካ ውስጥ የሕመምተኛውን ደም ከሰውነት ውጭ በተቀመጠ የአሳማ ጉበት ውስጥ አሳልፈው የመለሱም ነበሩ። ለንደን በኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ሮጀር ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1966 ባቋቋሙት የጉበት ክፍል ደግሞ ከሰል ተሞከረ። ከሰል መርዝን እንደሚመጥ ይታወቃል። ደሙን በቱቦ አውጥቶ በከሰል ቅንጣቶች መካከል አሳልፎ መመለስ ነው ዘዴው። እ.ኤ.አ. በ1974 ውጤቱ ሲታተም ከታከሙት 22 ሰዎች ግማሽ የሚጠጉት ድነዋል። ሁሉም ይሞታል በሚባልበት ዘመን ይህ ትልቅ ተስፋ ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ሰፈር ጎራ እንበል። የወፍ በሽታ የያዘውን ሰው ወደ መድኃኒት አዋቂ መውሰድ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ቅጠል ተቀጥቅጦ ይጠጣል፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ዓይኑ ይነጣል፤ «እገሌ የወፍ በሽታን ያድናል» ይባላል። እውነቱ ግን በቫይረስ ምክንያት በድንገት ዓይናቸው ቢጫ ከሚሆን ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ባይጠጡም የሚድኑ መሆናቸው ነው። ጉበት ራሱን የሚጠግን አካል ነው። ቅጠሉን ጠጥቶ የዳነው ቅጠሉን ባይጠጣስ? ይህን ሳይጠይቁ ምስጋናውን ለቅጠሉ መስጠት ቀላል ነው፤ ጉበትን የሚጎዱ ቅጠሎች መኖራቸው ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል።

የለንደኖቹ ሐኪሞች ይህንኑ ጥያቄ በራሳቸው ከሰል ላይ አነሱ። በከሰል የዳነው ያለ ከሰል ቢታከምስ? ሕመምተኞችን በዕጣ ከፍለው፣ ራሳቸውን ፈጽሞ ከሳቱት መካከል ግማሾቹን በከሰል፣ ግማሾቹን ያለ ከሰል በጥሩ የጽኑ ሕሙማን ክብካቤ ብቻ አከሙ። እ.ኤ.አ. በ1988 ውጤቱ ታወቀ። በቀን ለ10 ሰዓት ከሰል ካገኙት የዳኑት 34.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሰል ካላገኙት የዳኑት 39.3 በመቶ ነበሩ። ከሰሉ አልጠቀመም። በ1974 ያዳነው የአልጋ ላይ ክብካቤው ይሁን፣ የጉበቱ የራሱ መጠገን ይሁን፣ ከሰሉ ግን አልነበረም። ለ14 ዓመት የደከሙበትን ነገር «አይጠቅምም» ብሎ በራስ ስም ማሳተም ቀላል አይደለም። እኛ ይህን ገድል ከየትኛውም መድኃኒት ግኝት አናሳንሰውም።

ከዚያ ሙከራ ሌላ ነገርም ተገኘ። ሕመምተኞቹን ሲቆጥሩ ማን እንደዳነና ማን እንደሞተ የሚለየው ከሰሉ ሳይሆን የበሽታው መነሻ፣ ዕድሜና መደናገሩ የመጣበት ፍጥነት ሆኖ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1989 ጆን ኦግሬዲ እና ባልደረቦቹ ከ1973 እስከ 1985 የታከሙ 588 ሕመምተኞችን መዝገብ መርምረው መለኪያ አወጡ። በዓለም ዙሪያ «የኪንግስ ኮሌጅ መለኪያ» ተብሎ የሚታወቀው ይህ ነው። በፓራሲታሞል ምክንያት ጉበቱ ለወደቀ ሰው፣ የደሙ የአሲድነት ልኬት ከ7.3 በታች ከሆነ፣ ወይም ደሙ ለመርጋት ከ100 ሰከንድ በላይ ከወሰደበት፣ ኩላሊቱ ከደከመና ራሱን ከሳተ፣ ይህ ሰው ያለ ንቅለ ተከላ የመዳን ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው ይላል። በሌላ ምክንያት ለታመሙት ደግሞ ዕድሜ፣ የበሽታው መነሻ፣ የዓይን ቢጫነት ከታየ ስንት ቀን በኋላ መደናገር እንደመጣ፣ የደም መርጋትና ቢሊሩቢን የሚባለው ቢጫ ንጥረ ነገር መጠን ይቆጠራሉ። የሚገርመው፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በ7 ቀን ውስጥ በፍጥነት ራሱን የሳተው ቀስ ብሎ ከሳተው ይልቅ የመዳን ተስፋው የተሻለ ሆኖ መገኘቱ ነው። ሰው ተቃራኒውን ይጠብቃል።

መለኪያው በ1989 ለምን አስፈለገ? ከዚያ በፊት «አይድንም» ብሎ ማወቅ ለቤተሰቡ ሐዘን ከመጨመር ሌላ ጥቅም አልነበረውም። በዚያን ጊዜ ግን የሚደረግ ነገር ተገኝቶ ነበር፤ እርሱም የጉበት ንቅለ ተከላ ነው።

ንቅለ ተከላ በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረው በመጋቢት 1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ነው። ሐኪሙ ቶማስ ስታርዝል ነበሩ። ሕመምተኛው የሐሞት ቱቦ ሳይኖረው የተወለደ የሦስት ዓመት ሕፃን ሲሆን፣ ደሙ አልቆም ብሎ ከቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ሳይነሳ ሞተ። ተከታዮቹም ከሳምንታት በላይ አልቆዩም፤ ሥራው ለሦስት ዓመት ያህል ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1967 አንዲት ሕፃን ከአንድ ዓመት በላይ ኖረች። በተከታዩ ዓመት ሮይ ካልን በእንግሊዝ ካምብሪጅ ጀመሩ፤ ከለንደኑ ሮጀር ዊሊያምስ ጋርም አብረው ሠሩ። የተተከለውን ጉበት ሰውነት እንዳያባርረው የሚከለክለው ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት ከኖርዌይ በመጣ አፈር ውስጥ ከተገኘ ፈንገስ የተሠራ ነው። ይህ መድኃኒት ከመጣ በኋላ፣ ከተተከለላቸው ሰዎች አንድ ዓመት የሚኖሩት ከ3 አንድ ገደማ የነበሩት ከ10 ሰባት ገደማ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የጠራው ጉባኤ ንቅለ ተከላው ሙከራ መሆኑ ቀርቶ ሕክምና ነው አለ።

ይህ ሲሆን የሐኪሙ ግምት ክብደት በአንድ ጊዜ ተለወጠ። አድማጮች ሆይ፣ ነገሩን በእርጋታ እንመልከተው። ራሱን የሳተ ሰው ከፊታችን ተኝቷል። ጉበቱ ራሱን ጠግኖ ሊነሳ ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል። «ይድናል» ብለን ብንጠብቅና ብንሳሳት አንጎሉ አብጦ ከንቅለ ተከላ በፊት ይሞታል። «አይድንም» ብለን ጉበቱን ብናወጣና ብንሳሳት ደግሞ፣ በራሱ ጉበት በሰላም ሊኖር ይችል የነበረውን ሰው ዕድሜ ልኩን መድኃኒት የሚውጥ አደረግነው፤ በተጨማሪም ያ ጉበት ሊደርሰው ይገባ የነበረ ሌላ ሰው ሞተ። ሁለተኛው ስሕተት አይታይም። የዳነው ሰው ያመሰግናል፤ ባይተከልለትም ይድን እንደነበር ማንም አያውቅም። ልክ እንደ ቅጠሉ ማለት ነው። የኪንግስ መለኪያ «አይድንም» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። መለኪያውን ካላሟሉት መካከል ግን የሚሞቱ አሉ፤ ማለትም ዝምታው ዋስትና አይደለም። ለዚህም ነው ሐኪሞች አንድ ጊዜ ለክተው የማይተዉት፤ በየጥቂት ሰዓቱ እየደጋገሙ ደም የሚወስዱት ቤተሰብን ለማስጨነቅ አይደለም።

ስለ ፓራሲታሞል ካነሳን አይቀር፣ በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ያለ መድኃኒት ነውና ጥቂት እንቆይበት። በልኩ ሲወሰድ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ከመጠን በላይ ሲወሰድ ጉበትን እንደሚያጠፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1966 ከስኮትላንድ ኤድንብራ በወጣ ጽሑፍ ነው። አደጋው አሳሳች ነው። ከመጠን በላይ የዋጠው ሰው በመጀመሪያው ቀን ከማቅለሽለሽ ሌላ ብዙም አይሰማውም፤ ቤተሰቡም አለፈለት ይላል። ጉበቱ የሚወድቀው በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ነው። እዚያው ኤድንብራ ሎሪ ፕሬስኮት እና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ መጨረሻ አሴቲልሲስቴን የተባለውን ማርከሻ በደም ሥር መስጠት ጀመሩ። ከተዋጠ በ8 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ጉበትን ከከባድ ጉዳት በአብዛኛው ያድናል። ስለዚህ ሆን ብሎም ይሁን ሳያውቅ፣ ለምሳሌ የጉንፋን ክኒንና የራስ ምታት ክኒን ሁለቱም ፓራሲታሞል እንዳለባቸው ሳይረዳ ደራርቦ የወሰደ ሰው፣ ሕመም እስኪሰማው መጠበቅ የለበትም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ እሽግ የሚሸጠውን መጠን በፋርማሲ 32 ፍሬ፣ በሌላ ሱቅ 16 ፍሬ እንዲሆን በሕግ ገደበች፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚሞተው ቁጥር ቀነሰ። አንዳንዴ ትልቁ ሕክምና የእሽግ መጠን ነው።

ከለንደን የወጣው መለኪያ ለሁሉም አገር ይሠራል ወይ? በሕንድ ዋና ከተማ ደልሂ የሚገኘው ትልቁ የመንግሥት የሕክምና ተቋም ሐኪሞች ከ1987 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ያከሟቸውን 423 ሕመምተኞች ቆጥረው በ1996 አሳተሙ። እዚያ ጉበት የሚጥለው ፓራሲታሞል ሳይሆን በአብዛኛው ቫይረስ ነው፤ በተለይም በተበከለ ውሃ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ኢ። ከሕመምተኞቹ የዳኑት ከ3 አንዱ ገደማ ነበሩ። ለሞት የሚጠቁሙት ምልክቶችም ከለንደኖቹ ጋር ሙሉ በሙሉ አልገጠሙም፤ በዕድሜ፣ በቢሊሩቢን፣ በደም መርጋትና በአንጎል እብጠት የተመሠረተ የራሳቸውን መለኪያ አወጡ። ይህ ነጥብ ለእኛም ይጠቅማል። ሄፓታይተስ ኢ እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ1989 በሰሜን ኢትዮጵያ በነበረው ሠራዊት መካከል ወረርሽኝ ማስነሳቱ በሕክምና መጽሔት ተመዝግቧል። እርጉዝ ሴቶችን ከሌላው ሰው ይልቅ በብርቱ የሚጎዳ ቫይረስ ነው። የውሃው ንጽሕና ባልተረጋገጠበት ቦታ አፍልቶ መጠጣት ለነፍሰ ጡሯ ከማንም በላይ ያስፈልጋታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት፣ ለዓመታት ወደቆሰለው ጉበት እንሻገር። የዚህኛው ግምት የተወለደው ከቀዶ ጥገና ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቻይልድ እና ተርኮት የተባሉ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች፣ ቀዶ ጥገናውን የሚችለውንና የማይችለውን ለመለየት ሕመምተኞችን በሦስት ደረጃ መደቡ። የሚያዩት አምስት ነገር ነበር፤ ቢሊሩቢን፣ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን፣ በሆድ ውስጥ የተቋጠረ ውሃ፣ መደናገርና የሰውነት መክሳት። እ.ኤ.አ. በ1973 ፑ እና ባልደረቦቹ ለንደን ላይ የሰውነት መክሳቱን ትተው በቦታው የደም መርጋትን አስገቡ። ይህ መለኪያ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ የሚሰላ ስለሆነ ዛሬም በየሆስፒታሉ ይሠራበታል።

ጉድለቱ ግን ሆድ ውስጥ ያለው ውሃ «ጥቂት» ነው ወይስ «ብዙ» የሚለውን የሚወስነው የሐኪሙ ዓይን መሆኑ ነው። ጉበት በተራ በሚሰጥበት አገር ይህ አደጋ አለው፤ ሐኪም ለራሱ ሕመምተኛ ያዳላል። አሜሪካኖች ለብዙ ጊዜ ተራውን በዋናነት የሚያስይዙት ሰውየው ስንት ጊዜ እንደጠበቀና የት እንደተኛ በማየት ነበር። በዚህ ዘዴ ቀድሞ የተመዘገበ ሰው በጠና ከታመመው ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2000 የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ለሌላ ጉዳይ፣ በጉበት ውስጥ ቱቦ ከተደረገላቸው በኋላ ማን እንደሚሞት ለመገመት ያወጡት ስሌት ለዚህ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ሜልድ ይባላል። ሲጀመር ሦስት የላቦራቶሪ ውጤት ብቻ ይወስድ ነበር፤ ቢሊሩቢን፣ የደም መርጋትና የኩላሊት ማሳያ የሆነው ክሬቲኒን። ከ6 እስከ 40 ነጥብ ይሰጣል። ከየካቲት 2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ተራው በዚህ ነጥብ ሆነ። በመጀመሪያው ጊዜ በተደረገ ቆጠራ ነጥባቸው ከ9 በታች ከሆነው በሦስት ወር ውስጥ የሞቱት ከ100 ሁለት ገደማ ሲሆኑ፣ 40 ከደረሱት ግን ከ100 ሰባ አንድ ገደማ ነበሩ።

ቁጥር ግን አማና የሌለውን ሰው አያስተካክልም። እ.ኤ.አ. በ2012 በጀርመን በጥቂት ሆስፒታሎች ሐኪሞች የሕመምተኞቻቸውን ውጤት ከእውነቱ አስከፍተው እንደጻፉ፣ በዚህም ተራ እንዳስቀደሙ ተጋለጠ። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ አካሉን የሚለግሰው ሰው ቀነሰ። የጥቂቶች ውሸት ማንነታቸው በማይታወቅ ብዙ ተራ ጠባቂዎች ላይ ወደቀ።

ሌላው ጉድለት ከውሸት ሳይሆን ከቆጠራው ከራሱ የመጣ ነው። ክሬቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። ሴቶች በአማካይ ጡንቻቸው ያነሰ ስለሆነ፣ ኩላሊታቸው ከወንዱ እኩል ተጎድቶ ሳለ ቁጥራቸው ዝቅ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ለሃያ ዓመት ያህል ሴቶች በተራው ወደ ኋላ ሲቀሩና ተራ ሲጠብቁ ሲሞቱ ኖሩ። ስሌቱ ታርሞ አልቡሚን ተጨምሮበትና ለሴቶች 1.33 ነጥብ ታክሎላቸው በአሜሪካ ሥራ ላይ የዋለው በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ነው። ሃያ ዓመት ረጅም ጊዜ ነው።

ንቅለ ተከላ ሲነሳ በሙስሊም ቤተሰብ ውስጥ የሚመጣው ቀጣይ ጥያቄ «ይፈቀዳል ወይ?» የሚል ነው። የሳዑዲ ዓረቢያ የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት በ1402 ዓመተ ሂጅራ (1982 እ.ኤ.አ.) ባወጣው 99ኛ ውሳኔው ከሕያውም ከሟችም አካል መለገስን በሁኔታዎች ፈቅዷል። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 ዓማን ላይ ስለ አንጎል ሞት፣ በ1988 ጅዳ ላይ ደግሞ ስለ አካል ንቅለ ተከላ ውሳኔ አስተላልፏል። የአንጎል ሞትን በተመለከተ በዑለማዎች መካከል ልዩነት እስካሁን አለ። ይህ ልዩነት ባለበትና የሟች ለጋሽ በሚያንስበት አገር ሕያው ለጋሽ ትልቅ ቦታ ያዘ። ከሕያው ሰው የጉበት ክፋይ ወስዶ መትከል በስኬት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 በአውስትራሊያ ብሪዝቤን ከእናት ወደ ልጅ ነው። ቱርካዊው መህመት ሀበራል በመጋቢት 1990 ለሕፃን፣ በሚያዝያ ደግሞ ለአዋቂ አደረጉት። ዛሬ በማላቲያ ከተማ የሚገኘው የኢኖኑ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሥራ በዓለም ከታወቁት ማእከላት አንዱ ነው። ይህ የሆነው የሁለቱም ሰዎች ጉበት መልሶ ስለሚያድግ ነው። ያም ሆኖ የለጋሹ አደጋ ዜሮ አይደለም፤ ከ1,000 ለጋሾች ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት እንደሚሞቱ ይገመታል። ወንድሙን ለማዳን የሚተኛ ሰው ይህን ቁጥር በግልጽ ሊነገረው ይገባል፤ የቤተሰብ ይሉኝታም ሊያስገድደው አይገባም።

በመጨረሻ ወደ ለንደኑ ሆስፒታል እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዊሊያም በርናል እና ባልደረቦቹ ከ1973 እስከ 2008 በዚያ ክፍል የታከሙ ከ3,300 በላይ የድንገተኛ ጉበት ድካም ሕመምተኞችን መዝገብ ገልጠው አዩ። ከ1973 እስከ 1978 ከመጡት የዳኑት ከ100 አሥራ ሰባት ገደማ ነበሩ። ከ2004 እስከ 2008 ከመጡት የዳኑት ከ100 ስልሳ ሁለት ናቸው። ለውጡን ያመጣው ንቅለ ተከላ ብቻ አይደለም። ሕመምተኛው ቀድሞ ይመጣል፣ ማርከሻው በጊዜ ይሰጠዋል፣ የአንጎል እብጠት ሳይጀምር ይከላከሉለታል፣ ኩላሊቱን በማሽን ይደግፉለታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የሕመምተኛውን የደም ፈሳሽ ለሦስት ቀን በብዛት እያወጡ በለጋሾች የደም ፈሳሽ የመተካት ሙከራ ውጤት ታተመ። 182 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ነበር፤ ይህን ካገኙት 58.7 በመቶ፣ ካላገኙት 47.8 በመቶ ከሆስፒታል በሕይወት ወጡ። ከከሰሉ ሙከራ የከሸፈው በዚህኛው መንገድ ተሳካ፤ የተመረመረውም በዚያው በዕጣ የመክፈል ዘዴ ነው።

እንግዲህ በ1989 የወጣው መለኪያ የተቆጠረው ከ1973 እስከ 1985 በታከሙ ሰዎች ላይ መሆኑን አስታውሱ። በዚያ ዘመን «አይድንም» የተባለው ምልክት ያለበት ሰው ዛሬ ያለ ንቅለ ተከላም ሊነሳ ይችላል። በተለይ በፓራሲታሞል የተጎዱትን በሚመለከት፣ የጉበት ሐኪሞች የድሮው መስመር አሁንም በቦታው ነው ወይስ መንቀሳቀስ አለበት በሚለው እየተከራከሩ ነው፤ አዳዲስ ስሌቶችም በየቀኑ በሚወሰደው ደም ውጤት ላይ ተመሥርተው እየተሠሩ ነው።